የበረሃው ሐብሐብ ወይስ የአይሱዙው?

ቅዳሜ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ፣ ከፈጣን መንገዱ መግቢያ ወዲህ፣ አንድ አይሱዙ ይቆማል። ጭነቱ ሐብሐብ ነው። ልጁ ከላይ ሆኖ አንዱን ያነሳና በመዳፉ ጠፍ ጠፍ ያደርገዋል። "ስኳር ነው! እናት፣ ይሄ ስኳር ነው!"

እማዬ ቀና ብላ አየችው። "ስኳሩማ እኔም ጋ ሞልቷል ልጄ፣ ሌላ የለህም?"

ልጁ አልገባውም። እኔ ሳቄ መጣ። ቤት ስንደርስ ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ፣ ምክንያቱም እማዬ ስኳርም ግፊትም አለባት፣ ሐብሐብ ደግሞ ነፍሷ ነው። በዚያው ሳምንት እህቴ ከውጭ መጣች፣ ከሻንጣዋም ትንሽዬ ጠርሙስ አወጣች። የካላሃሪ በረሃ ሐብሐብ ዘይት ነው አለች። የበረሃ ስለሆነ ንጹህ ነው፣ ለቆዳ ነው፣ ለግፊት ነው፣ ለስኳርም ነው። ዋጋውን ስትነግረኝ በዚያ ብር ከአይሱዙው ላይ ስንት ሐብሐብ እንደሚወርድ በልቤ አሰላሁ፣ ዝምም አልኩ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አጣራሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ሐብሐብ፣ ሜሎን፣ ዱባ፣ ፓፓያ ወይስ ይሄ የበረሃ የሚሉት ነገር ብለው ለሚያመነቱ ያገኘሁትን ላካፍል። የቱ ይሻላል የሚለው መልስ ማን ነው የሚበላው በሚለው ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ ስለዚህ በዚያ መልክ ነው የምሄደው።

የበረሃ ሐብሐብ የሚባለው የቱ ነው?

አንድ ነገር አይደለም። ስሙ ለተለያዩ ተክሎች ይሰጣል። ከነሱ አንዱ ያጠጣል፣ አንዱ ያበላል፣ አንዱ ሆድ ያበጣብጣል።

የሚያጠጣው ጻማ ይባላል። አገሩ ቦትስዋና፣ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ የሚጋሩት የካላሃሪ በረሃ ነው። ከውጭ ሲያዩት ትንሽ ሐብሐብ ነው። ሲቆርጡት ግን ቀይ ነገር የለውም፤ ውስጡ ነጣ ያለ፣ ጠንከር ያለ፣ ጣዕሙም ለዛ የሌለው ነው። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ሳን የሚባሉት የአካባቢው ሰዎች በድርቁ ወራት፣ ኩሬው ሁሉ ሲደርቅ፣ ይህንኑ እየበሉና እየጨመቁ ጥማቸውን ያስታግሱበታል። ሳላ የሚባለው የዱር እንስሳም ያው ነው፣ እሱን እየቆረጠመ ነው በረሃውን የሚያልፈው። ፍሬውን ሰዎቹ አይጥሉትም። ይቆሉታል፣ ይወቅጡታል፣ ዱቄት ያደርጉታል።

የሚያበላው ናራ ነው። ይሄኛው በናሚብ በረሃ፣ በአሸዋ ክምር ላይ ነው የሚበቅለው። ቅጠል የለውም፣ እሾህ ብቻ ነው። ሥሩ አሸዋውን ሰንጥቆ የከርሰ ምድር ውሃ እስኪያገኝ ይወርዳል። በኩይሴብ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ቶፕናር የሚባሉ ሰዎች ሲበስል ይለቅሙታል፣ ሥጋውን ይቀቅሉታል፣ ፍሬውን ያጠሉና የቀረውን ወፍራም ፈሳሽ አሸዋ ላይ አፍስሰው በፀሐይ ያደርቁታል። ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይሆናል፣ ተጠቅልሎ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። (ቋንጣ ያለው ሕዝብ ይሄ ይገባዋል።) ከፍሬው ከግማሽ በላዩ ዘይት፣ ሲሶ ገደማው ደግሞ ፕሮቲን ነው። ድሮ ወደ ኬፕ ታውን እየተጫነ በአልሞንድ ምትክ ይሸጥ ነበር። ሳይበስል የቀመሰው ሰው ግን አፉ ይቃጠላል።

ሆድ የሚያበጣብጠው ሐንዘል ነው። እሱን ለብቻው እመጣበታለሁ፣ ምክንያቱም እኛ አገር ቆላ ላይም አለ፣ ቀልድ አይደለም።

ጻማም ናራም ቱሉ ዲምቱ አይሸጡም። ገላንም፣ ኮዬ ፈጬም፣ የእሁድ ገበያም አላየኋቸውም። ስለዚህ "የበረሃ ሐብሐብ ልብላ ወይስ የእኛን?" የሚል ጥያቄ በተግባር የለም። ያለው ጥያቄ የበረሃው ሐብሐብ የተመሰገነበት ነገር፣ ማለትም ውሃው፣ የስኳሩ ማነስና የፍሬው ጉልበት፣ እኛ ጋ ከምን ይገኛል የሚለው ነው። ይገኛል ደግሞ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። ቀዩ ሐብሐብ ራሱ የበረሃ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የዘረመል ጥናት ለቀዩ ሐብሐብ የቅርብ ዘመዱ የሱዳኑ የኮርዶፋን ሐብሐብ እንደሆነ አሳይቷል። ኮርዶፋን ጎረቤት ነው። ሥጋው ነጭ ነው፣ አይመርም፣ ያን ያህል አይጣፍጥም። ሱዳኖች የሐብሐብ ፍሬ ቆልተው ታሳሊ ብለው እየቆረጠሙ ያወራሉ። እኛ ፍሬውን እንተፋለን።

ጥማትና ሙቀት ለሚያስቸግረው

መቶ ግራም ቀይ ሐብሐብ 91 ግራም ውሃ፣ 30 ካሎሪና 6 ግራም ስኳር ገደማ አለው። ፋይበሩ ከግማሽ ግራም አይበልጥም። ውስጡ ቢጫ የሆነው ሜሎንም በውሃ ተመሳሳይ ነው፣ 90 በመቶ፤ ስኳሩ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ወደ 8 ግራም። ውሃ ብቻ ከሆነ የተፈለገው ኪያር ሁለቱንም ይበልጣል፣ 95 በመቶ ውሃ ነው፣ ካሎሪውም 15 ብቻ። ግን ኪያር በልቶ የረካ ሰው አላውቅም።

ልጅ ተቅማጥ ይዞት ከሆነ ሐብሐብ መድኃኒት አይደለም። አንዲት ጎረቤቴ ልጇን ሁለት ቀን ሙሉ ሐብሐብ ስትመግብ ከርማለች፣ "ውሃ ነው እኮ" እያለች። ውሃማ ውሃ ነው። ጨው ግን የለውም፣ በመቶ ግራም 1 ሚሊግራም ሶዲየም ነው ያለው፣ ልጁ የሚያጣው ደግሞ ውሃና ጨው አንድ ላይ ነው። በዚያ ላይ የፍራፍሬ ስኳር ሲበዛ ተቅማጡን ሊያባብሰው ይችላል። ኦአርኤስ ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ ይገዛ፣ ሐብሐቡ ልጁ ሲሻለው ይደርሳል።

ስኳር ላለበት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የመጣሁት በእማዬ ጉዳይ ነውና።

ሐብሐብ የግላይሴሚክ ኢንዴክሱ ከፍ ያለ ነው፣ ከ70 በላይ ነው የሚባለው። ይሄን የሰማ ሰው ወዲያው "ለስኳር በሽተኛ ክልክል ነው" ይላል። አይደለም። ኢንዴክሱ የሚነግረን ስኳሩ ምን ያህል ቶሎ ደም ውስጥ እንደሚገባ ነው፤ ምን ያህል ስኳር እንደገባ አይነግረንም። ሐብሐብ ውሃው ስለሚበዛ በአንድ ቁራጭ ውስጥ ያለው ስኳር ትንሽ ነው። ችግሩ አንድ ቁራጭ በልቶ የሚያቆም ማን አለ? የሚለው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ኩባያ ተከትፎ 150 ግራም ገደማ ይሆናል፣ ስኳሩ 9 ግራም ነው። እማዬ ግን በኩባያ አትበላም። ቢላውን ይዛ፣ ሰሃኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፍሬውን በጎን እየተፋች፣ ግማሽ ኪሎ ትጨርሳለች። ያ ወደ 31 ግራም ስኳር ነው፣ ስምንት የሻይ ማንኪያ ገደማ። ሻይዋን ያለ ስኳር እየጠጣች ስምንት ማንኪያ በሐብሐብ! ይሄን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና "ታዲያ ሻዩን ለምን ከለከላችሁኝ?" አለችኝ።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ቀድሞ ተከትፎ በኩባያ ይሰፈራል፣ አንድ ኩባያ፣ ከዚያ ሰሃኑ ይነሳል። በባዶ ሆድ አትበላም፣ ከምሳ በኋላ ወይም ከጥቂት የዱባ ፍሬ ጋር ትበላለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመብላቷ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካን፣ ምክንያቱም የአንዱ ሰው ስኳር እንደ ሌላው አይደለም። በአንድ ኩባያ ብዙም ፎቅ አልወጣም። ጁስ ቤት ጠጥታ የመጣችበት ቀን ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጁስ ሲሆን ግማሽ ኪሎው በሁለት ትንፋሽ ይጠጣል፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ሳይጠይቁ ስኳር ይጨምሩበታል።

ከሐብሐብና ከሜሎን ለስኳር የቱ ይሻላል? ልዩነታቸው ጠብ የሚያስነሳ አይደለም። ከእነሱ ይልቅ ዱባ ይሻላል። ጥሬው በመቶ ግራም 3 ግራም የማይሞላ ስኳር ነው ያለው፣ ለዓይን የሚሆነው ቤታ ካሮቲን ደግሞ ሞልቶታል። የጻማው ሥጋም ስኳር የለሽ ሊባል የሚችል ነው፣ እሱን የሚመስል ነገር ፈልጌ ያገኘሁት ዱባን ነው። ችግሩ ዱባ ወጥ ነው እንጂ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው የሚበሉት አይደለም። ፓፓያ መሃል ላይ ነው። ስኳሩ ከሐብሐብ ትንሽ ይበልጣል፣ ፋይበሩ ግን አራት እጥፍ ስለሆነ ያጠግባል፣ ሆድ ድርቀት ላለበትም ይሆናል።

ግፊት ላለበት

ሐብሐብ ለግፊት የሚለው ወሬ ከመሬት አልተነሳም። ሲትሩሊን የሚባል አሚኖ አሲድ አለው፣ ስሙ ራሱ ከሐብሐብ የላቲን ስም የመጣ ነው፤ ጃፓኖች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1914 ከሐብሐብ ጭማቂ ለይተው ያወጡት። ሰውነታችን ሲትሩሊንን ወደ አርጂኒን ይለውጠዋል፣ አርጂኒኑ ደግሞ የደም ሥር ዘና እንዲል የሚያደርገውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ለመሥራት ይውላል። አንዳንድ ትንንሽ ጥናቶች ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንዳደረገ አይተዋል። ግን ብዙዎቹ የሰጡት ተጨምቆ የተጠናከረ ነገር ነው፣ በቁራጭ አይደለም። ስለዚህ ሐብሐብ በላሁ ብሎ ኪኒን መተው የለም። ለእማዬ ይሄን ሦስት ጊዜ ነው ያልኳት። አራተኛውን ሐኪሟ አላት።

ሲትሩሊኑ ከቀዩ ሥጋ ቀጥሎ ባለው ነጭ ክፍል ውስጥም አለ። እኛ ቤት ነጩን ቆራርጠን ከካሮት ጋር አልጫ ውስጥ እንጨምረዋለን። ዱባ አይሆንም፣ ግን አይጣልም።

አሁን ወደሚያስፈራው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ወይም ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን የመሳሰሉ ፖታሲየም የሚይዙ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው፣ ፍራፍሬ ሲመርጥ ፖታሲየሙን ማየት አለበት። ሐብሐብ በመቶ ግራም 112 ሚሊግራም ነው ያለው፣ ሜሎን 267። ማለትም ሜሎን ከእጥፍ በላይ ነው። ለጤነኛ ሰው ይሄ ለግፊቱ ጥሩ ነው፣ ለኩላሊት በሽተኛ ግን ግማሽ ኪሎ ሜሎን በአንድ ጊዜ ማለት 1.3 ግራም ፖታሲየም ማለት ነው። የሐኪም ፈቃድ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ሐብሐብ ከሜሎን ይሻላል፣ በልክ ከሆነ።

ቫይታሚን ለሚፈልግ

በቫይታሚን ሲ ሐብሐብ ደካማ ነው። መቶ ግራሙ 8 ሚሊግራም ብቻ። ሜሎን 37፣ ፓፓያ 60 ገደማ። ስለዚህ ሕጻን ልጅ ላለው ወይም ደም ማነስ ላለባት ሴት ምርጫዬ ፓፓያ ነው፤ ቫይታሚን ሲ ከምስሩና ከጎመኑ ብረት የበለጠ እንዲወሰድ ያግዛል፣ አብሮ ሲበላ።

ሐብሐብ የሚያሸንፍበት ላይኮፒን ነው፣ ቀዩን ቀለም የሚሰጠው። ከጥሬ ቲማቲም ይበልጣል፣ ሰውነት እንዲወስደውም እንደ ቲማቲም መብሰል አይፈልግም። ነጩ ጻማ ግን ላይኮፒን የለውም፣ እዚህ ላይ የአይሱዙው የበረሃውን ጥሎት ያልፋል። ያልተቆረጠ ሐብሐብ ከፍሪጅ ውጭ ጥቂት ቀን ሲቆይ ላይኮፒኑ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ቶሎ ፍሪጅ ካልገባ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ለነገሩ የኛ ፍሪጅ ሐብሐብ አይችልም።

ፍሬው፣ የምንተፋው

በረሃ ያሉ ሰዎች ዋናውን ነገር አውቀውታል። የሐብሐብ ሥጋ ጥም ያረካል፣ ነፍስ የሚያቆየው ግን ፍሬው ነው። የደረቀ የሐብሐብ ፍሬ ከልጣጩ ወጥቶ በመቶ ግራም 28 ግራም ፕሮቲን፣ 47 ግራም ቅባትና 557 ካሎሪ አለው። ማግኒዚየሙ 515 ሚሊግራም፣ ዚንኩ 10፣ ብረቱ 7። በሌላ አነጋገር አንድ እፍኝ፣ 30 ግራም እንበል፣ ከአንድ እንቁላል በላይ ፕሮቲን ይሰጣል። ለጾመኛ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሁዳዴ ላይ ዚንክ ከየት ይመጣል ቢሉኝ መጀመሪያ የምጠራው የዱባና የሐብሐብ ፍሬን ነው። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ የሐብሐብ ዘመድ ለፍሬው ብቻ ተብሎ ይዘራል፣ ኤጉሲ ይሉታል፣ ተፈጭቶ ወጥ ይሆናል።

እኛ ቤት እንዲህ ይሠራል። ፍሬው በወንፊት ይታጠባል፣ የሚንሸራተተው ነገር እስኪለቀው ድረስ በእጅ ይታሻል። ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ሁለት ቀን በረንዳ ላይ ይደርቃል (እርግብ ይጠበቃል)። ከዚያ ምጣድ ላይ፣ እሳቱ ዝግ ብሎ፣ ጣ ጣ ማለት እስኪጀምር ይታመሳል። ጥቁሩ ቀለም አይታይበትምና እንዳረረ የሚያውቁት በጠረኑ ነው። ጨው ለወደደ የጨው ውሃ እፍ ይባልበታል፣ ግፊት ላለበት ግን ያለ ጨው።

አሁን ንጽጽሩ። የዱባ ፍሬና የሐብሐብ ፍሬ በምግብነት ወንድማማች ናቸው። ፕሮቲናቸው 30ና 28፣ ማግኒዚየማቸው 592ና 515። በዚንክ ሐብሐብ ትንሽ ይቀድማል፣ በብረት ዱባ። ልዩነቱ ያለው ጥርስ ላይ ነው። የሐብሐብ ልጣጭ ድንጋይ ነው፣ ውስጡ ያለው ደግሞ ትንሽ፤ አንድ እፍኝ ለመፈልፈል አንድ ሙሉ ድራማ ታያለህ። የዱባው በጥርስ ይሰነጠቃል፣ ይወጣል፣ አለቀ። ስለዚህ ለፍሬ ብዬ የምገዛው ዱባ ነው፤ የሐብሐቡን ፍሬ ስላለ አልጥለውም እንጂ ለእሱ ብዬ ሐብሐብ አልገዛም። የዱባውን ፍሬ እናቶቻችን ኮሶ ለማስወጣት የሚሰጡበት ልማድም አለ። ኮሶ ያለበት ሰው ግን ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ የሚያስተማምን ኪኒን አለ።

ነጫጭ ለስላሳ ፍሬ ያለው ሐብሐብ፣ ፍሬ የለሽ የሚባለው፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ማድረቅ አያስፈልግም። ከአራት ዓመት በታች ላለ ሕጻን ደግሞ ፍሬ በእጁ አይሰጠው፣ ትንታ ነው። ልጣጩን ጭምር በብዛት የሚውጥም ሰው አለ፣ ሆዱን ያደርቅበታል፣ ሐኪም ዘንድ እስኪያደርስ ድረስ።

የእህቴ ጠርሙስ

አጭር ነው። የካላሃሪ ሐብሐብ ዘይት ከጻማ ፍሬ የሚጨመቅ ነው፣ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ቅባት ይበዛበታል፣ ቆዳ ያለሰልሳል። እህቴ ፊቷን ትቀባዋለች፣ ያምርባታል። ግን ለስኳርና ለግፊት ተብሎ በማንኪያ የሚጠጣበት ምክንያት አላገኘሁም። በዚያው አሲድ የሚታወቅ ዘይት ደግሞ እኛ ጋ ከጥንት ጀምሮ አለ፣ ኑግ። የኑግ ዘይት ከናሚቢያ አልመጣም ብሎ ማንም በትንሽ ጠርሙስ አይሸጠውም፣ ጥፋቱ ይሄ ብቻ ነው።

የሚመረው

ሐንዘል ብርቱካን የሚያክል፣ አረንጓዴ ላይ መስመር ያለው፣ ሲበስል ቢጫ የሚሆን ነው። የአሻንጉሊት ሐብሐብ ይመስላል። በቆላማው አካባቢያችን መሬት ላይ ተስቦ ይበቅላል። ከሐብሐብ ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ግን ኩከርቢታሲን የሚባል መራራ መርዝ አለው። በዓረብ አገር ለስኳር በሽታ መድኃኒት ነው ተብሎ ስለሚወሰድ ከዚያ የተመለሰ ሰው ዱቄቱን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለእማዬም አንድ ዘመድ አምጥቶላት ነበር፣ በብጫቂ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ "በባዶ ሆድ፣ በትንሹ" ተብሎ። ጣልነው። ሐንዘል ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ አንጀት ያቆስላል፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ፈጽሞ የማይነካ ነው። የምድር እንቧይም የዚሁ የዱባና የኪያር ቤተሰብ ነው፣ ሥሩን ለቁርጠት የሚያኝክ ሰው መጠኑን በምን እንደሚለካ አይገባኝም።

ይሄ መርዝ በበረሃው ብቻ አይቀርም። በጓሮ የተዘራ ዱባ፣ ዝኩኒ ወይም ኪያር አንዳንዴ ከዱር ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ ሊመር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ውስጥ አንድ አዛውንት ከጓሮ የበቀለ መራራ ዝኩኒ ወጥ በልተው ሞተዋል። መቀቀል አያጠፋውም። እዚህ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለችው ክፍት ቦታ ዱባ የምትዘሩ ሰዎች፣ ከማብሰላችሁ በፊት ጥሬውን ጫፍ ቅመሱ። ከመረረ ትፉት፣ ሁሉንም ጣሉት። "ስኳር ጨምሬ፣ በርበሬ ጨምሬ" የሚባል ነገር የለም።

ስትገዙ

ጠፍ ጠፍ ማድረጉ ጥሩ ነው፣ የሞላ ድምፅ ይፈለጋል፣ ግን እኔ በዓይኔ የበለጠ አምናለሁ። መሬት የነካበት ጎኑ ቢጫ፣ ቅቤ የመሰለ ከሆነ ተክሉ ላይ ቆይቷል። ነጭ ከሆነ ቶሎ ነው የተቆረጠው፣ ሐብሐብ ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ አይጨምርም። ቆዳው የሚያብረቀርቅ ሳይሆን ደብዘዝ ያለ ይሁን። እኩያ መጠን ካላቸው ሁለቱ የከበደውን ውሰዱ። ሜሎን ደግሞ የሚታወቀው በጠረኑ ነው፣ እንቡጡ በነበረበት ጫፍ አሽትቱት፣ ጣፋጭ ሽታ ከሌለው ተዉት። በመርፌ ቀለም ይወጋሉ የሚለው ወሬ ሁልጊዜ ይዞራል። የተወጋ ሐብሐብ በቀዳዳው በኩል ቶሎ ይበሰብሳል፣ መሃሉ የተሰነጠቀ ሐብሐብም የተወጋ ማለት አይደለም፣ አስተዳደጉ ነው።

ከመንገድ ዳር የተቆረጠ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ቁራጭ አልገዛም። ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሐብሐብም ሜሎንም እንደ ብርቱካን አሲድ የላቸውም፣ ተቆርጠው በፀሐይ ሲቀመጡ ባክቴሪያ ድግስ ነው የሚደግሰው። ውጭ ሁለት ሰዓት ከቆየ በኋላ አልነካውም። ሙሉውን ሲገዙም ከመቁረጥ በፊት ቆዳውን ማጠብ ግድ ነው፣ ቢላው የላዩን አፈር ይዞ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ሜሎን ቆዳው መረብ ስለሆነ በብሩሽ ይታሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ሊስቴሪያ በሚባል ባክቴሪያ የተበከለ ሜሎን 33 ሰው ገድሏል፤ ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት ስለዚህ በተለይ ይታሰብበት።

የተቆረጠው ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል ይባላል። ያ መብራት ለማይጠፋበት ሰፈር ነው። እኛ ጋ ቀኑን ሙሉ ከጠፋ በማግስቱ አይበላም።

ሻጩ ደግሞ ግማሽ አይሸጥም። ዘጠኝ ኪሎ ሐብሐብ ለሁለት ሰው ምን ይደረጋል? ባለፈው ቅዳሜ ለአራት በር ተካፈልነው። እማዬ ቢላውን ይዛ ቆረጠች፣ ለራሷ አንድ ኩባያ ሰፍራ አስቀመጠች፣ ከዚያ ለየጎረቤቱ ድርሻውን ስትሰጥ "ፍሬውን ግን እንዳትተፉት፣ በፌስታል አምጡልኝ" አለቻቸው። ማታ ሦስት ፌስታል በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘን።